በጥንት የጋብቻ ውል ውስጥ ያልታወቀ የአገር ስም ስለ መመርመር

በሸዋና በሌላውም የአማራ አገር ጋብቻ ሰባት ቤት ተቈጥሮ የሚደረግ ነውና፤ ሽማግሎች ልጅ ከማጋባታቸው በፊት የሁለቱን ወገን ትውልድ ይመረምራሉ። ርስትም በአባትና በእናት ይቈጠር ስለ ነበረ፤ የገጠር መሬት በ1967 ዓ.ም. የሕዝብ እስኪሆን ድረስ የአያት የሰማንያ ውል በሙግት ጊዜ ይፈለግ ነበር። ዳሩ ግን በውሉ የተጻፈው አገር ካልታወቀ፤ ስሙ አንድ የሆነ ሌላ ሰው እንደ ዘመድ ይቈጠራል፥ እውነተኛው ዘመድም ባዳ ይሆናል።

አንባቢ አስቀድሞ የሚሰናከለው በአጻጻፉ ነው። የጥንት ጸሐፊ ብዙ ጊዜ በአፍ እንደሚነገረው ይጽፋል። «ከአንኮበር» ለማለት «ካንኮበር»፥ «በእንጦጦ» ለማለት «በንጦጦ» ይላል። ይህን ያላስተዋለ ሰው ካንኮበር የሚባል አገር ሲፈልግ ይከርማል። በቃላት መካከል የነበረው ሁለት ነጥብ በእርጅና ሲደበዝዝ ደግሞ የሰው ስምና የአገር ስም ይጋጠማሉ። ሐና ኀ፥ ሠና ሰ፥ ዐና አ ስለ ተለዋወጡ ግን አገሩ ሌላ ነው አይባልም።

ከዚህ የሚብሰው አንድ ስም ለሁለት አገር ሲሆን ነው። በውሉ «የጌራ ሰው» የሚል ቢገኝ፤ አንዱ ጌራ ከማማ ምድርና ከላሎ ምድር ጋራ የመንዝ ክፍል ነው፤ ሁለተኛው ከጅማ ወደ ምዕራብ ያለው፥ ቀድሞ የራሱ ንጉሥ የነበረው ጌራ ነው። በዚህ ጊዜ የሚፈርዱት ዋሶችና ምስክሮች ናቸው። ዋስ በተፈለገ ጊዜ የሚገኝ የቅርብ ሰው ሊሆን ይገባዋልና፤ ዋሶቹ የማማና የላሎ ሰዎች ከሆኑ ነገሩ ወደ መንዝ ያዘነብላል። ብዙ ሰው የሙሽሮቹን ስም አንብቦ የዋሶቹን ይዘላል፤ ፍሬው ግን እዚያ ነው።

ዘመኑም ይመርመር። «በዘመነ ማርቆስ» ብቻ የሚል ጽሑፍ፥ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ የሚመለስ ስለ ሆነ፥ ከንጉሡ ስም ጋራ ይተያያል። አዲስ አበባ የተባለችው በ1879 ዓ.ም. ነውና፤ ስሟ በ1870 ዓ.ም. ውል ቢገኝ ወረቀቱ በኋላ የተገለበጠ ነው። አዳማም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ናዝሬት ተብላ ኋላ ወደ ቀድሞ ስሟ ተመለሰች፤ ቢሾፍቱም ደብረ ዘይት ተብላ እንዲሁ። ስለዚህ በካርታ የታጣ ስም ሁሉ የጠፋ አገር አይደለም።

«ጊዮርጊስ» ተብሎ ደብሩ ብቻ ተጽፎ ከሆነ፤ መምህሩ ጽሑፉን እንዳለ ገልብጦ ለአካባቢው ካህናትና ሽማግሎች ያንብብላቸው። ግምቱን ግን አስቀድሞ አይንገራቸው፤ ሽማግሌ ጠያቂውን ላለማሳፈር «አዎን፥ እሱ ነው» ይላልና።