በጥቂት ቀን ተሠርቶ ብዙ ዘመን የኖረ ፊልም

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል የአገራችን ሰው። የምሳሌውን እውነተኛነት በየመሥሪያ ቤቱ በየቀኑ እናየዋለን። ነገር ግን ቸኩሎ መሥራትና ተዘጋጅቶ ፈጥኖ መሥራት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው። ይህንንም የሚያስረዳ አንድ የሲኒማ ታሪክ አለ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1934 ዓ.ም. በሆሊውድ የተሠራው «ዘ ቲን ማን» ማለት «ቀጭኑ ሰው» የተባለው ፊልም ታሪክ ነው።

ፊልሙ የነፍስ ግድያ ምርመራን ከቀልድ ጋር ያጋባ ነው። መጽሐፉን የደረሱት ሚስተር ዳሺል ሃሜት፣ ወደ ድርሰት ከመግባታቸው በፊት ፒንከርተን በተባለው የምርመራ ድርጅት ተቀጥረው ስለ ሠሩ፣ ወንጀል መከታተልን ከሥራው እንጂ ከወሬ አልተማሩትም። መጽሐፉ በጥር ወር ታትሞ ወጣ፤ ፊልሙ በዚያው ዓመት በግንቦት ለሕዝብ ታየ። እንዲህ ያለ ፍጥነት በዚያ ዘመን እንኳ የሚያስገርም ነበር።

የፊልሙ ዳይሬክተር ሚስተር ቫን ዳይክ ናቸው። አንዱን ትርኢት አንድ ጊዜ አንሥተው ወደሚቀጥለው ስለሚያልፉ ባልደረቦቻቸው በዚሁ ጠባያቸው ቅጽል ስም አውጥተውላቸው ነበር። እኒህ ሰው ቀደም ብለው በሠሩት ሌላ ፊልም ላይ ዊሊያም ፓዌልና ሚርና ሎይ የተባሉት ተዋንያን፣ ካሜራው ባረፈ ቁጥር እርስ በርሳቸው ሲቀላለዱ ተመለከቱ። ባልና ሚስቱን ሆነው የሚጫወቱልኝ እነዚህ ናቸው ብለው ቈረጡ።

የኩባንያው አለቃ ሚስተር ሜየር ግን አልተስማሙም። ሚስ ሎይ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚሰጣቸው የተንኮለኛ አሳሳች ሴት ድርሻ ነበርና፣ ለቀልድ አይሆኑም ብለው ተከራከሩ። በመጨረሻም ሚስ ሎይ ለሌላ ፊልም ስለሚፈለጉ ሥራው በሦስት ሳምንት እንዲያልቅ በማለት ፈቀዱ። ቫን ዳይክም ከተሰጣቸው ጊዜ ቀድመው ጨረሱ።

እንዴት ሊሆን ቻለ? ምክንያቱ ካሜራው ከመነሣቱ በፊት በተሠራው ሥራ ላይ ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ያዘጋጁት ፍራንሲስ ጉድሪችና አልበርት ሃኬት ራሳቸው ባልና ሚስት ነበሩ። ቫን ዳይክም ከወንጀሉ ውስብስብ ይልቅ በባልና ሚስቱ ጭውውት ላይ እንዲበረቱ አሳሰቧቸው። በዘመኑ ብዙዎቹ የፍቅር ፊልሞች በሠርግ ሲያበቁ ይህኛው ከሠርግ በኋላ ይጀምራል፤ ሚስት ከባሏ እኩል ትቀልዳለች፣ እኩል ትፈርዳለች። የአለቃ ገብረ ሐናንና የወይዘሮ ማዘንጊያን ጨዋታ እየሰማ ላደገ ለእኛ አገር ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ቃል የሚወረውር ባል፣ መልስ የማታጣ ሚስት ሲያገኝ ቤቱ ይደምቃል።

ተዋንያኑም ለሥራው እንግዶች አልነበሩም። ሚስተር ፓዌል ቀድሞ በሌሎች ፊልሞች መርማሪ ሆነው ተጫውተዋል፤ ሚስ ሎይ የዳንስ ትምህርት ስለ ነበራቸው፣ ውሻው ጐትቶ የሚጥላትን ሴት ሆነው በደንብ ወደቁ። አንድ ቀን ቫን ዳይክ መብራትና ድምፅ እንዲስተካከል ብለው፣ ፓዌል መጠጥ እየቀላቀሉ እንዲናገሩ ጠየቋቸው። ፓዌል ልምምድ መስሏቸው እንደ ልባቸው ሲጫወቱ ካሜራው ለካ እየሠራ ኖሯል! ትርኢቱም በዚያው ጸደቀ። ሌላ ቀን ደግሞ ፓዌል በአየር ጠመንጃ የገናውን ዛፍ ጌጦች እየመቱ ሲጫወቱ ዳይሬክተሩ አይተው ጨዋታውን በፊልሙ ውስጥ አስገቡት።

ይሁን እንጂ ፈጣኑ ሰው ዝግ ማለት ሲያስፈልግ ዝግ ብለዋል። መርማሪው ተጠርጣሪዎችን ሁሉ ራት ጋብዞ ገዳዩን በሚገልጥበት ትርኢት፣ ፓዌል የሚናገሩት ብዙ ስለ ነበረ ሥራው ደጋግሞ ተነሣ። በጠረጴዛው ላይ የቀረበው በዛጎል ውስጥ ያለ የባሕር ምግብም በመብራቱ ሙቀት እስኪሸት ድረስ ያው ሳይለወጥ ተመላለሰ። ሚስ ሎይ ከዚያ ወዲያ ያንን ምግብ ማየት የፈለገ ሰው እንዳልነበረ ተናግረዋል።

ፊልሙ ለአራት የኦስካር ሽልማቶች ታጨ፤ አንዱንም አላገኘም። ሕዝብ ግን ስለ ወደደው እስከ 1947 ዓ.ም. ድረስ አምስት ተከታይ ፊልሞች ተሠሩ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በቅርስነት መዘገበው። ስሙም እንደ ሰምና ወርቅ ነው፤ ተመልካቹ ቀጭኑ ሰው መርማሪው ይመስለዋል፣ ወርቁ ግን የጠፋው ሳይንቲስት ነው።

በአገራችን «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ባለጥቁርና ነጭ ፊልም በእኛ አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. ከወጣ ወዲህ ብዙ ፊልሞች ተሠርተዋል። ዛሬ በሰበታም ሆነ በጫንጮ ያለ ወጣት በኪሱ በያዘው ስልክ ፊልም ሊያነሣ ይችላል። ፊልሞቻችን የሚታሙት ግን ብዙ ጊዜ በገንዘብና በጊዜ ማነስ ነው። ሐሜቱ ፍሬ የለውም አንልም፤ ዳሩ ግን ጭውውቱ በወረቀት ላይ ካልጣፈጠ በካሜራ አይጣፍጥም፤ ተዋናዩም ሙያውን አስቀድሞ ካልያዘ ዓመት ቢሰጠው አይበቃውም። ይህ ደግሞ ለፊልም ሠሪው ብቻ ሳይሆን፣ ነገ የሚቀርብ ጽሑፍ በእጁ ላለው ተማሪና ሠራተኛ ሁሉ የሚሠራ ምክር ነው።