«ጥራት» ስንል ምን ማለታችን ነው? ስለ ቪዲዮ ቀረጻና ቅንብር ቃላት የቀረበ ገለጻ



ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ቃል ነው። በቀረጻና በቅንብር ሥራችን «ጥራት» ያላልነው ነገር የለም። ምስሉ ሲደበዝዝ «ጥራት የለውም» እንላለን፤ እንቅስቃሴው ሲቆራረጥም እንደዚያው፤ ፋይሉ ኮምፒውተሩን ሲያደክመው ደግሞ «ጥራቱ በዝቶ ነው» እንላለን። ሦስቱ ሕመሞች የተለያዩ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም እንዲሁ። ስለዚህ ቃሉን ከፋፍለን እንመልከተው።

የመጀመሪያው ሬዞሉሽን ነው፤ በአንድ ምስል ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት ማለት ነው። ፉል ኤችዲ ወደ ጎን 1920፣ ወደ ታች 1080፣ በድምሩ 2,073,600 ፒክስል አለው። ፎርኬ በጎንም በቁመትም እጥፍ ስለሆነ፣ ነጥቦቹ አራት እጥፍ ይሆናሉ። ይሁን እንጂ ፎከሱን የሳተ ምስል በፎርኬ ቢቀረጽም ያው የሳተ ነው።

ሁለተኛው ፍሬም ሬት ሲሆን፣ በአንድ ሰከንድ የሚቀረጹትን ምስሎች ቁጥር ያመለክታል። ሲኒማ በ24 ሲጸና፣ ቴሌቪዥን የየአገሩን የኤሌክትሪክ ኃይል ተከትሎ ለሁለት ተከፈለ። ኃይሉ 50 ኸርዝ በሆነባቸው አብዛኞቹ አገሮች 25፣ እንደ አሜሪካ 60 ኸርዝ በሆነባቸው ደግሞ 30 ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1953 አሜሪካ የቀለም ቴሌቪዥን ሥርዓቷን ስታጸድቅ፣ 30ው በጥቂቱ ዝቅ ብሎ 29.97 ሆነ።

ይህ ታሪክ ከእኛ ሥራ የራቀ አይደለም። የኢትዮጵያ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ፣ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ዓይናችን አያስተውለውም፤ ካሜራ ግን ያስተውለዋል። በ1/60 ሰከንድ ሹተር ብንቀርጽ ምስሉ ላይ ጥላ ሊርገበገብ ይችላል፤ ሹተሩን ወደ 1/50 ወይም ወደ 1/100 ስንመልሰው ይረጋል። እንዲሁም ከዋሽንግተን የተላከ ቃለ መጠይቅ በ29.97፣ አዲስ አበባ የተቀረጸው በ25 ሊሆን ይችላል። ሁለቱን በ25 ስናቀናብር ሶፍትዌሩ ከአሜሪካው ቅጂ በየሰከንዱ ወደ 5 የሚጠጉ ምስሎችን ይጥላል፤ የእጅና የከንፈር እንቅስቃሴ የሚንተባተበውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ቢትሬት ነው፤ ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የመረጃ መጠን። በተለመደው አያያዝ ለአንድ ፒክስል በአማካይ 12 ቢት ብንመድብ፣ በ25 ፍሬም የሚሄድ ያልታመቀ ፉል ኤችዲ በሰከንድ 622 ሜጋቢት ገደማ ይፈጃል። ካሜራችን 50 ሜጋቢት ቢመዘግብ እንኳ ከ12 እጅ አንዱን ብቻ አስቀረ ማለት ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ሰዓት ቀረጻ 22.5 ጊጋባይት ይይዛል።

ይህን ማመቅ የሚሠራው ኮዴክ ነው። እንደ ኤች 264 ያሉት ኮዴኮች አንዱን ምስል ሙሉ በሙሉ ይይዙና፣ ለተከታዮቹ በአብዛኛው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ቦታ ይቆጥባል፤ ነገር ግን አቀናባሪው በመካከል ያለ አንድ ምስል ላይ ሲቆም ኮምፒውተሩ ጎረቤቶቹን ሁሉ ማስላት ግድ ይሆንበታል። መፍትሔው ለቅንብር ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቀላል ቅጂ፣ ማለትም ፕሮክሲ ማዘጋጀት ነው፤ ሲጠናቀቅ ዋናው ፋይል በቦታው ይመለሳል። ኤምፒፎር ግን ኮዴክ አይደለም፤ ምስሉንና ድምፁን አንድ ላይ የሚይዝ ከረጢት ነው። «ኤምፒፎር ላክልኝ» ያለ ሰው በውስጡ ምን እንደሚገባ ገና አልተናገረም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ስለ አንድ ጉዳይ ስለምሰጋ ነው። ብዙዎቻችሁ ለጥናት ወረቀታችሁ የአረጋውያንን ቃል ትቀርጻላችሁ። ቢትሬቱ አንሶ የተሰባበረ ፊት፣ በሹተር ስሕተት የሚርገበገብ ክፍል በቅንብር ሙሉ በሙሉ አይድንም፤ ተናጋሪው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ካሜራ ያዡና አቀናባሪው አብረው ይቀመጡ፤ ሬዞሉሽኑን፣ ፍሬም ሬቱንና ሹተሩን፣ ቢትሬቱን፣ ኮዴኩን በአንድ ገጽ ላይ ይጻፉ። ያ ገጽ ከፋይሎቹ ጋር ይቀመጥ፤ ከዓመታት በኋላ ቅጂውን የሚከፍት ተመራማሪም ምን እንደያዘ ያውቃል።