ኮዱን ለመጻፍ አይከፈልም፤ ታዲያ ላይሰንሱ የማን ነው?

አንድ ድርጅት ክላውድ ላይ ያለውን የሒሳብ ሶፍትዌሩን ከራሱ አሠራር ጋር ማስማማት ፈልጎ እናንተን ጠራ እንበል። ኮድ መጻፉ አያቅታችሁም። ግን ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ምን ላይሰንስ ያስፈልጋችኋል? ይህን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ፤ መልሱ ጥሩ ሥራ ከመጥፎ ሥራ የሚለይበትን ቦታ ያሳያልና። ምሳሌ የማደርገው የማይክሮሶፍቱን «ዳይናሚክስ 365 ቢዝነስ ሴንትራል» ነው።

ነገሩ የተጀመረው ዴንማርክ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ሦስት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛሞች አንድ ትንሽ ኩባንያ አቋቋሙ፤ የሒሳብ ሶፍትዌራቸውም በኋላ «ናቪዥን» ተብሎ ታወቀ። ማይክሮሶፍት ኩባንያውን በ2002 ገዛው። በ2018 ደግሞ ያው ሶፍትዌር የክላውድ አገልግሎት ሆኖ ቢዝነስ ሴንትራል የሚለውን ስም ያዘ።

በናቪዥን ዘመን ሶፍትዌሩ የሚጫነው በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነበር። ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የሠራችሁ ይህን አታጡትም፤ ሶፍትዌሩም ዳታውም እዚያው ቢሮ ውስጥ ነው። የናቪዥን ላይሰንስ አንድ ፋይል ሲሆን፣ ስንት ሰው እንደሚገባ ብቻ ሳይሆን ምን መሥራት እንደሚፈቀድም ይወስን ነበር። ደንበኛው ለራሱ አዲስ ቴብል ሲያስፈልገው የቴብል ቁጥር መግዛት ነበረበት። ኮድ የሚጽፈው ባለሙያም የዴቨሎፐር ላይሰንስ ያስፈልገው ነበር፤ ይህን የሚይዙት በአብዛኛው የማይክሮሶፍት አጋር ድርጅቶች ነበሩ።

ዛሬ ይህ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድን በነጻ ታወርዳላችሁ፤ «ኤኤል» ለሚባለው ቋንቋ የተዘጋጀውን ኤክስቴንሽንም በነጻ ትጭናላችሁ። «ኤኤል ጎ» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡት የደንበኞች ዝርዝር ሲከፈት መልእክት የሚያሳይ አጭር ፕሮግራም ይፈጥርላችኋል። ፕሮግራሙን ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ 50100 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል። የፕሮጀክቱ መግለጫ ፋይል ውስጥ ደግሞ ከ50100 እስከ 50149 የሚል ክልል ተጽፏል።

ቁጥሩ የቤት ቁጥር ማለት ነው፤ በአንድ ሰፈር ሁለት ቤት አንድ ቁጥር ሊይዝ አይችልም። ከ50000 በታች ያለው የማይክሮሶፍት የራሱ ነው። ከ50000 እስከ 99999 ያለው ለአንድ ደንበኛ ብቻ ለሚሠራ ሥራ የተተወ ነው፤ በዚህ ክልል ለመሥራት ማስመዝገብም መግዛትም አያስፈልግም። ሥራችሁን «አፕሶርስ» በሚባለው የማይክሮሶፍት ገበያ ለብዙ ደንበኞች ማቅረብ ስትፈልጉ ግን ነገሩ ይለወጣል። የማይክሮሶፍት አጋርነት ፕሮግራም ውስጥ መግባት፣ የራሳችሁን የቁጥር ክልል መጠየቅ፣ በምትፈጥሯቸው ነገሮች ስም ላይ የሚታከል ቢያንስ ሦስት ፊደል ያለው መለያ ማስመዝገብ ይጠበቅባችኋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የእናንተ አፕና የሌላ ሰው አፕ አንድ ደንበኛ ዘንድ ሲገናኙ መጋጨት የለባቸውም።

የጻፋችሁትን የት ትሞክሩታላችሁ? ደንበኛው አገልግሎቱን ሲገዛ ዋናው ሥራ ከሚካሄድበት ከፕሮዳክሽን ጋር ሦስት ሳንድቦክስ ይሰጠዋል። ከቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ኤፍ 5ን ስትጫኑ ኮዳችሁ በቀጥታ ሳንድቦክሱ ላይ ይወጣል። ፕሮዳክሽን ላይ ግን እንዲህ ማድረግ አይቻልም፤ የተጠናቀቀውን የአፕ ፋይል በኤክስቴንሽን ማስተዳደሪያ ገጹ በኩል ታስገባላችሁ። ገና ደንበኛ የሌላችሁም አትቀሩም። ዶከር ያለው ኮምፒውተር ላይ ኮንቴይነር አስነስታችሁ፣ ወይም የ30 ቀኑን ሙከራ ከፍታችሁ «ክሮነስ» በሚባለው የማሳያ ድርጅት ሒሳብ ላይ መለማመድ ትችላላችሁ።

ወደ ደንበኛው ሲስተም ለመግባት ግን አካውንት ያስፈልጋል። አገልግሎቱን የሸጠው አጋር ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ ደንበኛው በሚሰጠው የአስተዳዳሪ ውክልና ያለ ተከፋይ ላይሰንስ ትገባላችሁ። በግላችሁ የምትሠሩ ከሆነ ግን ደንበኛው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አካውንት ስር ላይሰንስ ሊመድብላችሁ ይገባል። ይህን በውሉ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ኮዱን ለመጻፍ ባይከፈልም፣ የጻፋችሁትን የሚጠቀም ሠራተኛ ሁሉ ላይሰንስ ያስፈልገዋል። «ኢሴንሺያልስ» የሒሳብ፣ የሽያጭ፣ የግዥና የመጋዘን ሥራን ይዟል። «ፕሪሚየም» ማምረቻንና የጥገና አገልግሎትን ይጨምራል። «ቲም ሜምበርስ» ርካሹ ነው፤ ሪፖርት ለሚያይ፣ የሥራ ሰዓቱን ለሚመዘግብ፣ ለሚያጸድቅ ሰው ነው።

ብዙ ዴቨሎፐር የሚሳሳተው ላይሰንስንና ፐርሚሽንን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። ላይሰንሱ የመጨረሻውን ጣሪያ ይወስናል፤ የድርጅቱ አስተዳዳሪ የሚሰጠው ፐርሚሽን ከዚያ ጣሪያ በታች ነው የሚሠራው። ቲም ሜምበርስ ያለውን ሠራተኛ አስተዳዳሪው «ሱፐር» የሚባለውን ሙሉ ፐርሚሽን ቢሰጠው እንኳ የሽያጭ ኢንቮይስ ፖስት ማድረግ አይችልም። እናንተ ጣሪያው ከፍ ባለ አካውንት ገብታችሁ የሞከራችሁት አዝራር በሳንድቦክስ ሠርቶ፣ ሰኞ ጠዋት ሠራተኛው ሲጫነው እምቢ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ተጠቃሚው የሚኖረውን ዓይነት ላይሰንስ በያዘ አካውንት ሞክሩት።

ሌላም ፈተና አለ። ሃያ የመጋዘን ሠራተኞች ዕቃ ሲረከቡ በስልክ እንዲመዘግቡ አፕ ሠራችሁላቸው እንበል። አፑ በኤፒአይ በኩል በአንድ አካውንት ስለሚገባ አንድ ላይሰንስ የሚበቃ ይመስላል። አይበቃም። ማይክሮሶፍት ይህን «መልቲፕሌክሲንግ» ይለዋል፤ ደንቡም መሀል ላይ የገባ ሶፍትዌር የሚያስፈልገውን የላይሰንስ ብዛት አይቀንስም ይላል። አፑ ራሱ ያለ ተጠቃሚ ላይሰንስ መገናኘት ይችላል፤ ከጀርባው ያሉት ሠራተኞች ግን ይቆጠራሉ። ደስ የሚለው ግን ሕጋዊ መፍትሔም አለ፤ መጋዘን ውስጥ በጋራ የሚሠራበት መሣሪያ ካለ «ዲቫይስ» የሚባለው ላይሰንስ ለመሣሪያው ይገዛል፤ በፈረቃ የሚቀያየሩት ሠራተኞች ሁሉ በእሱ ይሠራሉ። እንግዲህ ሃያ ስልክ ወይስ ሦስት የጋራ ስካነር የሚለው ምርጫ የደንበኛውን የየወሩን ወጪ ሊወስን ነው። ይህን የምትመርጡት ደግሞ እናንተ ናችሁ፤ ያውም ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት።

ለዚህ ነው ላይሰንስ የሻጩ ጉዳይ ብቻ ነው ሲባል የማልስማማው። ለአዲስ ሥራ ዋጋ ስታቀርቡ አብራችሁ አንድ ገጽ አያይዙ። ምን ያህል ሠራተኛ፣ በየትኛው መንገድ፣ የትኛውን መረጃ እንደሚነካ ጻፉበት፤ በየሥራ መደቡ ትይዩ የሚያስፈልገውን ላይሰንስ አስቀምጡ። ቢዝነስ ሴንትራል በየዓመቱ በሚያዝያና በጥቅምት ግድም ትልልቅ ማሻሻያ ስለሚያደርግ፣ ኮዱ የማን እንደሆነና ማን እየፈተሸ እንደሚያድሰውም ጨምሩበት። ደንበኛው ሙሉ ወጪውን ከእናንተ አስቀድሞ ሲሰማ ውሳኔውን አውቆ ይወስናል፤ እናንተም በኋላ አፉን ሞልቶ ለሌላው የሚያስተዋውቃችሁ ደንበኛ ታተርፋላችሁ።