ደሙ የኪንታሮት ነው ያለው ማን ነው?

በአገራችን ወገቤን አመመኝ ማለት ነውር የለበትም። መቀመጫዬን አመመኝ የሚል ሰው ግን ብዙም አይገኝም። ኪንታሮት የያዘው ሰው ለትዳር ጓደኛው እንኳ ሳይተነፍስ ዓመት ይከርማል፤ ሲብስበትም «ነቅዬ አወጣልሃለሁ» ወደሚል አዋቂ ይሄዳል።

ለዚህ ስሙም ሳያሳስተን አልቀረም። በአማርኛ ኪንታሮት የምንለው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ነው። አንደኛው ቫይረስ በቆዳ ላይ የሚያበቅለው ነው። የፊንጢጣ ኪንታሮት ግን የበቀለ ባዕድ ነገር አይደለም። ማንኛውም ጤነኛ ሰው በፊንጢጣው ውስጥ የደም ሥር የበዛባቸው፣ እንደ ትራስ ለስላሳ የሆኑ አካላት አሉት፤ ሰገራ እንዳያመልጥ ያግዛሉ። በሽታ የሚሆኑት ሲያብጡና ወደ ታች ሲንሸራተቱ ነው። ስለዚህ በሚያቃጥል መድኃኒት «መንቀል» የራስን አካል ማቃጠል ነው፤ መዘዙም ማመርቀዝና የፊንጢጣ መጥበብ ሊሆን ይችላል።

የታወቀው መንስኤ የሆድ ድርቀትና ማማጥ ነው። ስናምጥ የሆድ ውስጥ ግፊት ይጨምራል፣ ደም በሥሮቹ ይጠራቀማል፣ ደግፎ የያዛቸው ሥጋም ይላላል። ሞባይል ይዞ መጸዳጃ ቤት ረጅም ጊዜ መቀመጥ፣ እርግዝና፣ የማያቋርጥ ተቅማጥና የዕድሜ መግፋትም ያጋልጣሉ። በርበሬ የታመመውን ቦታ ያቃጥል ይሆናል እንጂ ኪንታሮት እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም።

ሕክምናው የሚጀምረው ከማዕድ ነው። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ25 እስከ 30 ግራም አሰር ይመከራል፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመንና የጤፍ እንጀራ አሰር አላቸው። ውኃ መጠጣትና ለብ ባለ ውኃ ውስጥ መቀመጥም ይረዳል። ካልተሻለ ሐኪም የውስጡን ኪንታሮት በላስቲክ ቀለበት ያስረዋል፤ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው በአብዛኛው ለከፋው ደረጃ ነው።

ትልቁ አደጋ ግን ኪንታሮቱ ራሱ አይደለም። የውስጥ ኪንታሮት ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም ደማቅ ቀይ ደም ያፈሳል። የአንጀት ካንሰርም ደም ያፈሳል። የሕግ ትምህርት ካስተማረኝ ነገሮች አንዱ ማስረጃ ሳይመረመር ፍርድ እንደማይሰጥ ነው፤ እኛ ግን ደም ባየን ቁጥር «ኪንታሮት ነው» ብለን መዝገቡን እንዘጋለን። በአሜሪካ የአንጀት ካንሰር ቅድመ ምርመራ የሚጀመርበት ዕድሜ በ2021 እ.ኤ.አ. ከ50 ወደ 45 ዝቅ እንዲል የተመከረው በሽታው ወጣት በሆኑ ሰዎች ላይም እየጨመረ በመምጣቱ ነው።

ደም ካዩ ዕድሜዎ ስንትም ይሁን ይመርመሩ። የሰገራ ልማድዎ ከተለወጠ፣ ክብደትዎ ያለ ምክንያት ከቀነሰ ወይም ደም ማነስ ከተገኘብዎት ደግሞ ቀጠሮውን ለነገ አያሳድሩት። ሐኪሙ በየቀኑ የሚያየው ነገር ነው፤ የሚያፍሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።