ከድጃ፣ ሐዲጃ ወይስ ኸዲጃ?

በዚህ እትም የማወጋችሁ ስለ አንድ ስም ነው። ስሙ በካምፓችን በየብሎኩ አለ። ሶማሌው ቤት አለ፣ ሱዳኑ ቤት አለ፣ ወሎዬው ቤት አለ፣ ሐረሪው ቤት አለ። ጠዋት ጀሪካን በተሰለፈበት የውሃ ቦኖ ላይ ቆማችሁ ስሙን ጮክ ብላችሁ ብትጠሩት ቢያንስ ሦስት ሴቶች ዞር ይላሉ። ሦስቱም ካርዳቸውን ቢያወጡ ግን ስሙ በአንድ ዓይነት ፊደል ተጽፎ አታገኙትም።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። አራተኛ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ "ከድጃ" አልኩ። መልስ የለም። ልጅቷ ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ቦታ ላይ ቁጭ ብላለች፤ አየኋት። ደግሜ "ከድጃ!" አልኩ። አሁንም ዝም። ከኋላ ያሉት ወንዶች ሳቁ። በእረፍት ሰዓት ጠራኋትና ምን ሆነሽ ነው አልኳት።

"ቲቸር፣ በዚህ ስም አይጥሩኝ። ሐያት ይበሉኝ" አለች መሬት መሬቱን እያየች።

ትንሽ ካባበልኳት በኋላ ነው የነገረችኝ። ከሰዓት በኋላ ቁርኣን የሚቀራ አንድ ከእሷ ከፍ ያለ ልጅ "ስምሽ በአረብኛ ጎደሎ ማለት ነው" ብሏታል። ልጆች እንደምታውቋቸው ናቸው። በሁለት ቀን ውስጥ መጠሪያዋ "ጎደሎ" ሆኖ ቀረ።

እኔ አረብኛ አላውቅም። በመምህራን ማሰልጠኛ የተማርኩት ፊደል ማስቆጠር እንጂ የአረብ ስም መፍታት አይደለም። ስለዚህ ያን ዕለት ማታ መጀመሪያ ወደ እናቷ ቤት ሄድኩ። ሴትየዋ ቡና እያፈላች ሰማችኝና ጀበናውን ከእሳት ላይ አውርዳ ዝም አለች። ቆይታ ግን እኔ ያልጠበቅሁትን ነገር አወራችኝ። ልጅቷን የወለደቻት በሰባት ወሯ ነው፤ ያውም መንገድ ላይ። በነጠላ ጠቅልላ፣ ደረቷ ላይ አስራ ነው ይዛት የገባችው። ስሙ የወጣው በአባቷ እናት ነው፤ ሴት ልጅ ከተወለደች የአያቷን ስም ትወርሳለች ተብሎ ቀድሞ ተወስኖ ነበር። ትርጉሙን ማንም አልጠየቀም።

"እንግዲህ መምህር፣ ልጄን ጎደሎ እያልኩ ነው ሳሳድጋት የኖርኩት?" አለችኝ።

ምን ብዬ እመልሳለሁ? እስኪ ከሚያውቅ ሰው ልጠይቅ ብዬ ወጣሁ።

በብሎካችን ወሎ ውስጥ ከሼኽ ሼኽ እየዞሩ ኪታብ የቀሩ አንድ አዛውንት አሉ። በማግስቱ ከዐስር ሶላት በኋላ አገኘኋቸው። ነገሩን ስነግራቸው ከት ብለው ሳቁ፤ ቀጥሎም ሳቃቸውን ሰብሰብ አደረጉና "ልጁ አልዋሸም፤ ግን የሰማው ግማሹን ነው" አሉኝ።

እንደሳቸው አገላለጽ ነገሩ እንዲህ ነው። የአረብኛ ስም አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ፊደላት ሥር ይወጣል። የዚህ ስም ሥር ኸ-ደ-ጀ ነው። ፋቲሓ ያልተቀራበት ሶላት "ኺዳጅ" ነው ተብሎ ይማራሉ፤ ጎደሎ ነው ለማለት። ልጁ የያዘው ይህን ነው። ቃሉ ግን ከመስጊድ በፊት የበረሃ ቃል ነበር፤ የግመል ቃል። የጥንት የአረብኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች፣ ለምሳሌ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተዘጋጀው ታላቁ ሊሳን አል-ዐረብ፣ ሁለት ነገር ይለያሉ። ግመሊቱ ቀኗ ሳይሞላ ወልዳ፣ የተወለደው ግን አካሉ ሙሉ ሆኖ ቢገኝ እንኳ "ኸደጀት" ይባላል። ወሯን በሙሉ ጨርሳ አካሉ የጎደለ ስትወልድ ደግሞ "አኽደጀት" ይባላል። በመሃላቸው ያለችው ልዩነት አንዲት "አ" ናት።

"ኸዲጃ ከፊተኛው ነው" አሉኝ ሼኹ። "ቀኗ ሳይሞላ የመጣች ማለት ነው። ቸኩላ የመጣች። ጎደሎ ሆና የመጣች ማለት አይደለም።"

እዚህ ላይ እኔም አንድ ነገር ገባኝ። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ስም ስናወጣ ዓረፍተ ነገር እንናገራለን። ሰው ሞቶ ልጅ ሲወለድ ምትኩ እንላለን፣ ካሳ እንላለን፣ ማስረሻ እንላለን። ስሙን የሰማ ሁሉ የቤቱን ታሪክ ያውቀዋል። ስለዚህ የሌላውንም ስም ስንሰማ "ምን ማለት ነው?" ማለት ይቀናናል። ልጁ ኸዲጃ የተባለበት ቤት ግን በአብዛኛው ስሙን የሚያወጣው ለትርጉሙ ብሎ አይደለም። የሚያወጣው ለባለ ስሟ ብሎ ነው።

ባለ ስሟ ኸዲጃ ቢንት ኹወይሊድ ናት፤ የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) የመጀመሪያ ሚስት። የመካ ነጋዴ ነበረች፤ በገዛ ገንዘቧ ግመል ጭና ወደ ሻም ንግድ ትልክ ነበር። ወደፊት ባሏ የሚሆነውንም ሰው መጀመሪያ ያወቀችው ለንግዷ ቀጥራው ነው። በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያዋ አማኝ ትባላለች። ያረፈችው በ619 እ.ኤ.አ. ገደማ ነው፤ ያ ዓመት "የሐዘን ዓመት" እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠራል። ይህችን ሴት ማን ነው ጎደሎ የሚላት?

ሼኹ አንድ ነገር ጨመሩልኝ፤ ይሄኛው እኛን ስደተኞችን ይነካልና ልጻፈው። በ615 እ.ኤ.አ. ከመካ ሸሽተው ቀይ ባሕርን ተሻግረው ወደ ሐበሻ ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች መካከል ሩቅያ ከባሏ ከዑስማን ኢብን ዐፋን ጋር ነበረች። ሩቅያ የኸዲጃ ልጅ ናት። ኸዲጃ ያኔ በሕይወት ነበረች። ስለዚህ ይህ ስም ልጇን ወደ ስደት የሸኘች እናት ስም ነው፤ የተሸኘችውም ወደኛው አገር ነው። ይህን ለልጅቷ እናት ስነግራት "አላሁ አክበር" ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ትርጉሙ በዚህ ተፈታ። ድምፁ ግን ገና ነው፤ በእኔ አስተያየት ካምፕ ውስጥ ትልቁን ችግር የሚያመጣው ድምፁ ነው።

የስሙ የመጀመሪያ ድምፅ ከጉሮሮ የሚወጣ ነው። "ከ" አይደለም፣ "ሀ"ም አይደለም። ምላሳችሁን "ከ" ልትሉ ወደ ኋላ ሰብስባችሁ፣ ሳትዘጉ አየሩን ብታሾልኩት ይመጣል። የሚገርመው ነገር አባቶቻችን ለዚህ ድምፅ ፊደል ነበራቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሞክሼ ፊደላት ናቸው ብለን እናስተምራለን፤ ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ። ልጆች ሁልጊዜ "አንድ ዓይነት ከሆኑ ለምን ሦስት ሆኑ?" ይሉኛል። በጥንቱ ግእዝ አንድ ዓይነት አልነበሩም። ብዙኃኑ ኀ ይኸው የኸዲጃ ድምፅ ነበር። አረቡ እህትን "ኡኽት" ሲል ግእዙ "እኅት" ብሎ በኀ ይጽፋል። አረቡ አምስትን "ኸምሳ" ሲል ግእዙ "ኀምስቱ" ይላል። አማርኛችን ድምፁን ጣለውና ፊደሉን ብቻ አስቀረ። ትግርኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ሐን እስከ ዛሬ ከጉሮሯቸው ያወጧታል፤ ሄዳችሁ አዳምጧቸው።

የመጨረሻው "ጃ"ም ቢሆን ይዞራል። ካይሮ ላይ ጂሙን "ገ" ስለሚሉት ስሙ ኸዲጋ ይሆናል። በእኛም ዘንድ ያው ነው፤ አረቡ ጀመል ያለውን ግእዙ ገመል ይላል፤ ግመል ማለት ነው። ስሙ አገር ለአገር ሲዞር ብዙ ልብስ ለውጧል። ቱርኩ ሐቲጄ ይላል፣ ሐውሳው ሀዲዛ ይላል፣ ስዋሂሊው ሐዲጃ ይላል፣ የኛ ሰው ከድጃ ይላል። ሶማሌና ሱዳኑ ጉሮሮውን አልተወም፤ ኸዲጃ ይላል።

ከድጃ ማለት ስህተት ነው ወይ ላላችሁኝ፣ እኔ ስህተት አልለውም። እናት ልጇን በለመደ አፏ ስትጠራ አስተማሪ ጣልቃ መግባት የለበትም። ግን አንዳንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ትርጉም ይዞ እንደሚሄድ ማወቅ ደግ ነው። በአረብኛ "ኸሊል" የልብ ወዳጅ ነው፤ በሐመሩ ሐ "ሐሊል" ካላችሁት ግን ባል ይሆናል። "ቀልብ" ልብ ነው፤ ቀልቤን ገፈፈው የምንለው ቀልብ ይኸው ነው። "ከልብ" ካላችሁት ግን በአረብኛም በግእዝም ውሻ ነው። ሼኹ ይህን ሲነግሩኝ ከሱዳን ጎረቤቴ ጋር ስንነጋገር ስንት ጊዜ "ከልብ አመሰግናለሁ" እንዳልኩት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ። ደግነቱ አማርኛ አይሰማም።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ። የልጅቷ እናት በዚያች ማታ አንድ ፌስታል አውጥታ አሳይታኝ ነበር። ወረቀቶቿን ሁሉ የምታስቀምጥበት ነው፤ ሁላችንም እንዲህ ያለ ፌስታል አለን። ውስጡ የአንዲት ልጅ ስም በሦስት ዓይነት ተጽፏል። የቤተሰቡ ምዝገባ ላይ በእንግሊዝኛው ኤች ይጀምራል፤ የጻፈው ሰው ስዋሂሊ ተናጋሪ ስለነበር እንደ ጆሮው ጻፈው። የክትባት ካርዱ ላይ በኬ እና በኤች ይጀምራል፤ እንግሊዝኛ የኸን ድምፅ የሚጽፈው በሁለቱ ፊደል ነው። የትምህርት ቤቱ ወረቀት ላይ በኬ ብቻ ነው። ይህን የመጨረሻውን የጻፍኩት፣ ሳልደብቅ ልናገር፣ እኔው ነኝ። "ከድጃ" ብላ እናቷ ነገረችኝ፣ እኔም በሰማሁት ጻፍኩ፤ ሌላ ወረቀት አሳዪኝ አላልኳትም።

ውጤቱ ምን ሆነ? አንድ ቢሮ ውስጥ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ያዩ ሰው "እነዚህ ሁለት ልጆች ናቸው? ሌላዋ የት አለች?" ብለው ጠየቋት። ሴትየዋ የሌለች ልጅ ከየት ታምጣ? "አንድ ናት" ብትልም ጉዳዩ ይጣራ ተብሎ ተቀጠረች። እኔ ባነጋገርኳት ጊዜ አራተኛ ቀጠሮዋን እየጠበቀች ነበር።

ያደረግነውን ልንገራችሁ፤ ለሌላውም ይጠቅም ይሆናል። ወረቀቶቹን በቀን አስተካክለን ደረደርናቸው። የትኛው ስም ያምራል፣ የትኛው ለአረብኛው ይቀርባል የሚለውን ተውነው። ሌሎቹ ሁሉ የሚመሳከሩት በቤተሰቡ ምዝገባ ስለሆነ ያንን መሠረት አደረግን። የትምህርት ቤቱን ስም እኔ ራሴ ርዕሰ መምህሩን አስፈቅጄ በኤች አስተካከልኩና ማኅተም ያለው ደብዳቤ አጻፍኩላት፤ የሁለቱ አጻጻፍ ባለቤት አንዲት ልጅ መሆኗን የሚያስረዳ። የአባትና የአያት ስምም በሁሉም ላይ በአንድ ፊደል መጻፉን አየን፤ ደግነቱ እዚያ ላይ ችግር አልነበረም። ከእንግዲህ ስም ስታስጽፉ በአፍ ብቻ አትናገሩ፤ የቀድሞውን ወረቀት አውጥታችሁ አሳዩ፣ ጸሐፊው ከጻፈም በኋላ አሳየኝ በሉት። ማንበብ የማትችሉ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። የሚቆጣ ጸሐፊ ካጋጠማችሁም ቁጣው ከአራት ቀጠሮ ይሻላል።

እናትየው ደብዳቤውን ስትቀበለኝ ቅር ብሏት ነበር። "ታዲያ አሁን ስሟ ሐዲጃ ሆነ ማለት ነው?" አለችኝ።

"ወረቀቱ ላይ ነው እህቴ። ቤትሽ እንደለመድሽው ጥሪያት" አልኳት።

ያንን ልጅ ደግሞ ሼኹ አስጠርተው ያቺን "አ" አስተማሩት። ከዚያ በኋላ ሲያወራ የሰማሁት "ኸደጀት" እና "አኽደጀት" እያለ ጓደኞቹን ሲያስለፈልፍ ነው። ግማሹ ልጅ ምን እንደሚል ሳይገባው ይደግመዋል።

ሰኞ ጠዋት ስም ስጠራ ተራዋ ደረሰ። እንደ ሼኹ ከጉሮሮዬ አወጣለሁ ብዬ ሞከርኩ፤ ሳል መሰለ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። "ቲቸር፣ አይዝጉት፤ አየሩ ይውጣ" አለችኝ። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም "ከ" ሆነብኝ። በሦስተኛው "አቤት" አለች።