ፓርቲ ሁሉ ፊቱን ሲያዞር ማኅበር የት ይሄዳል?

ማኅበርና የፖለቲካ ፓርቲ ብዙ ጊዜ ይምታታብናል። ሁለቱም አባላት አሏቸው፣ ይሰበሰባሉ፣ መንግሥትን ይጠይቃሉ። ልዩነቱን በደንብ የሚያሳይ አንድ የኬንያ ጉዳይ አለ። ወሬው እኛ ጋ የደረሰው «ኬንያ ግብረ ሰዶምን ፈቀደች» ተብሎ ነው። እንደዚያ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሪክ ጊታሪ የሚባል ኬንያዊ የሕግ ባለሙያ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት የሚከራከር ድርጅት ለማስመዝገብ ጠየቀ። መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶችን የሚመዘግበው ቦርድ ድርጊቱ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው ብሎ እምቢ አለ። ጊታሪ ከሰሰ። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በከፍተኛው ፍርድ ቤት፣ በ2019 በይግባኝ ሰሚው አሸነፈ። በየካቲት 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 3 ለ2 በሆነ ድምፅ ይህንኑ አጸና።

ታዲያ ፓርቲዎች ጋ ለምን አልሄዱም? ፓርቲ የሚኖረው በድምፅ ነዋ! ቁጥሩ ትንሽ የሆነ፣ ብዙው ሕዝብ የማይወደው ቡድን ለፓርቲ ድምፅ አያመጣለትም፤ እንዲያውም ያስቀንስበታል። በዚያ ሰሞን የፕሬዚዳንት ሩቶ ወገንና የኦዲንጋ ተቃዋሚዎች በምርጫው ውጤትና በኑሮ ውድነት ተፋጠው ነበር። በዚህ ጉዳይ ግን ተስማሙ። ሩቶ ፍርድ ቤቱን እናከብራለን፣ ባህላችንና ሃይማኖታችን ግን አይፈቅድም አሉ። የተቃዋሚው ኦዲኤም ፓርላማ አባል ፒተር ካሉማ ደግሞ ውሳኔው እንደገና እንዲታይ አመለከቱ፤ ቅጣቱን የሚያከብድ የሕግ ረቂቅም አዘጋጁ። ማመልከቻቸው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ውድቅ ሆነ።

ፍርድ ቤት የደጋፊ ብዛት አይቆጥርም። ዳኞቹ ያዩት ማኅበር የመመሥረት መብትን ነው። ድርጊቱን ግን አልፈቀዱም። እስከ 14 ዓመት የሚያሳስረው የወንጀል አንቀጽ ዛሬም አለ፤ በ2019 ከፍተኛው ፍርድ ቤት እንዲሰረዝ ቢጠየቅ አልሰርዝም ብሏል።

በየአገሩ እንዲህ አይደለም። በደቡብ አፍሪካ እነ ሳይመን ንኮሊ የዘር አገዛዙን ሲታገሉ ታስረው፣ የራሳቸውንም ጥያቄ በትግሉ ውስጥ ይዘው ገቡ። ኤኤንሲ ሥልጣን ሲይዝ ጥያቄው ከፓርቲው ጋር አብሮ መጣ፤ የ1996ቱ ሕገ መንግሥትም በፆታዊ ዝንባሌ ሰውን መለየት ከለከለ። እዚያም ቢሆን የድሮዎቹን የወንጀል ሕጎች ያስሰረዙት ማኅበራቱ ራሳቸው ፍርድ ቤት ቆመው ነው።

ይሄ እኛን ምን አገባው? የኬንያን ሕገ መንግሥት እንይ። ስለ ፓርቲ የሚናገረው አንቀጽ 38 «ማንኛውም ዜጋ» ይላል። ስለ ማኅበር የሚናገረው አንቀጽ 36 ግን «ማንኛውም ሰው» ነው የሚለው። ስደተኛ ዜጋ አይደለም፤ ሰው ግን ነው። እኛም ድምፅ ስለሌለን ለየትኛውም ፓርቲ አንጠቅምም። የሚመዘግበው አካል ሕዝብ የማይወደውን ሁሉ ማገድ ከቻለ፣ ስደተኛ የሚጠላበት ቀን ሲመጣ የእኛም መረዳጃ ማኅበር በሩ ይዘጋበታል ማለት ነው።

በየካምፑ በዚሁ ምክንያት አገራቸውን ጥለው የመጡ ጎረቤቶች አሉን። ስለ ድርጊቱ ያለን እምነት የየራሳችን ነው። እነሱን መደብደብ ግን ወንጀል ነው፤ ከውኃ ሰልፍ ማስወጣትም ተገቢ አይደለም።