ሃያ ስምንተኛው ቀን

የአመጋገብ ገደብ ማለት አንድ ሰው ለጤናው ወይም ለእምነቱ ሲል አንዳንድ ምግቦችን፣ አንዳንዴም የመብያ ሰዓቶችን የሚተውበት ሥርዓት ሲሆን፣ ዋነኛው ፈተና ያለው ከመጀመሩ ይልቅ በመዝለቁ ላይ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው እንዲቀንስ፣ የስኳር ሕመምተኛ ጣፋጭና ብዙ እንጀራ እንዲተው በተነገረው ማግስት የሚያሳየው ቆራጥነት ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው፤ ያ ቆራጥነት በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት እየሳሳ ሲሄድ ግን ሰውየውም ቤተሰቡም ጉዳዩን የፈቃድ ድክመት አድርገው ይወስዱታል። የባሕርይ ሳይንስ ባለፉት አምሳ ዓመታት ያገኘው መልስ ከዚህ የተለየ ነው፤ ረጅም ገደብ የሚዘለቀው በየመንገዱ ደረስን የሚባልባቸው ትንንሽ ማረፊያዎች ሲኖሩት ነው። እንዲህ ያለው የማረፊያ ሥርዓት በደቡብ ወሎ፣ በሐይቅና በአምባሰል አካባቢ፣ ላቦራቶሪ ከመኖሩ ብዙ መቶ ዓመታት በፊት ጀምሮ በሥራ ላይ ይገኛል።

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ የማኅበር ኑሮና የትምህርት ማእከል ያደረጉት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከተማሩባቸው ገዳማት አንዱ የሆነ ጥንታዊ ስፍራ ነው። የገዳሙ አበምኔቶች ከዚያ ዘመን ጀምሮ በቤተ መንግሥት ዘንድ የነበራቸው ማዕረግ «ዓቃቤ ሰዓት» ይባል ነበር፤ ትርጉሙም የሰዓት ጠባቂ ማለት ነው። ማዕረጉ ከፖለቲካና ከክብር ጋር የተያያዘ ቢሆንም ስያሜው ራሱ የገዳም ኑሮ በምን ላይ እንደቆመ ይጠቁማል፤ ጸሎቱም ማዕዱም ጾሙም በሰዓትና በቀን የተከፋፈለ፣ እያንዳንዱ ክፍልም የራሱ ስም ያለው ነውና።

ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ማሳያ ዐቢይ ጾም ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከምትጾማቸው ሰባት አጽዋማት ረጅሙ የሆነው ይህ ጾም 55 ቀን የሚቆይ ሲሆን፣ በእነዚህ ቀናት ጥሉላት የሚባሉት ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል አይበሉም፤ በሥራ ቀናትም ምእመኑ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ከምግብ ተከልክሎ ይቆያል። አምሳ አምስት ቀን በአንድ ጊዜ ከታሰበ ከባድ ነው። በተግባር ግን አምሳ አምስቱን ቀን በጥሬው የሚቆጥር ሰው አይገኝም፤ የሚቆጠሩት ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሳዕና የተባሉት ስምንቱ እሑዶች ናቸው። እያንዳንዱ እሑድ የራሱ ምንባብ፣ የራሱ ዜማና የራሱ ትዝታ ስላለው፣ ሳምንቱ ያለፈ መሆኑን ለማወቅ ማስያ አያስፈልግም፤ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የሚሰማው መዝሙር ይናገራል።

ትልቁን ሥራ በትንንሽ መክፈል ለምን እንደሚጠቅም በጥንቃቄ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 በአልበርት ባንዱራና በዴል ሸንክ የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ በሒሳብ ደካማ የሆኑና ሒሳብን የማይወዱ ሕፃናትን ወስደው 42 ገጽ የመቀነስ ስሌት መልመጃ በሰባት ክፍለ ጊዜ እንዲሠሩ አደረጉ። አንዱ ቡድን በየክፍለ ጊዜው ስድስት ገጽ እንዲጨርስ ሲነገረው፣ ሌላው አርባ ሁለቱንም እስከ መጨረሻው ቀን እንዲያጠናቅቅ፣ ሌላው ደግሞ ያለ ምንም ግብ እንዲሠራ ተተወ። ሥራው ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ሆኖም ስድስት ስድስት ገጽ የተሰጣቸው ሕፃናት ስሌቱን ከሌሎቹ የበለጠ ከመቻላቸውም በላይ ይጠሉት የነበረውን ትምህርት መውደድ ጀመሩ። ባንዱራ ይህን ያብራራው «የራስ ብቃት እምነት» በሚለው ጽንሰ ሐሳብ ነው፤ ይህም ሰው አንድን ተግባር ልፈጽመው እችላለሁ ብሎ በራሱ ላይ የሚያሳድረው መተማመን ማለት ሲሆን፣ ይህን እምነት ከምክርና ከማበረታቻ ቃል በላይ የሚገነባው ሰውየው ራሱ ፈጽሞ ያየው ነገር ነው። ቅድስት እሑድ ላይ የደረሰ ጿሚ አንድ ሳምንት መጾም እንደሚችል የሚያውቀው ስለጾመው ነው።

ስምንቱ እሑዶች ሁሉ ግን እኩል ክብደት የላቸውም፤ እዚህ ላይ የሥርዓቱ ጥበብ ጎልቶ ይታያል። አምስተኛው እሑድ ደብረ ዘይት «እኩለ ጾም» በመባልም ይታወቃል። ጾሙ ከዘወረደ እሑድ ማግስት ሰኞ ጀምሮ ቅዳሜ ስለሚያበቃ፣ ከመጀመሪያው ሰኞ ተነሥቶ ለሚቆጥር ሰው ደብረ ዘይት በትክክል ሃያ ስምንተኛው ቀን ላይ ይውላል፤ ከኋላው ሃያ ሰባት፣ ከፊቱም ሃያ ሰባት ቀን አለ። ይህ የተስተካከለ ስሌት የሚያርፈው የሰው ብርታት እጅግ በሚዝልበት ስፍራ ላይ ነው። አንድሪያ ቦኔዚ፣ ሚጌል ብሬንድልና ማቴዮ ደ አንጀሊስ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ወደ አንድ ግብ ሲጓዙ ትጋታቸው በመነሻውና በመድረሻው ከፍ ብሎ በመካከሉ እንደሚወርድ አሳይተዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው፤ ጀማሪው የተራመደውን የሚለካው ከመነሻው ስለሆነ እያንዳንዱ ቀን ትልቅ ሆኖ ይታየዋል፣ ለመጨረስ የተቃረበው ደግሞ የሚለካው ከቀረው ስለሆነ አሁንም እያንዳንዱ ቀን ትልቅ ነው፤ በመካከል ያለው ግን ከሁለቱም ጫፍ ርቆ ስለሚገኝ የዛሬው ቀን ምንም ለውጥ ያላመጣ ይመስለዋል። በዚህ ዝቅተኛ ቦታ ላይ ስም ያለው፣ በዝማሬ የሚከበር፣ «እንኳን አደረሳችሁ» የሚባባሉበት ዕለት መትከል መሐሉን ራሱን ጫፍ ማድረግ ነው፤ ጿሚው ከደብረ ዘይት በኋላ መቁጠር የሚጀምረው ወደ ታች ነውና።

«እንኳን አደረሰህ» የሚለው ሰላምታ ራሱ ሊስተዋል ይገባዋል። ቃሉ መድረስን ያከብራል፤ የደረሰውን ሰው ግን ብቻውን አያሞግስም፣ አድራሹ ሌላ ነውና። ይህ ልዩነት ከሥነ ምግባር ባሻገር ሳይንሳዊ ፋይዳ አለው። አየሌት ፊሽባክና ራቪ ዳር እ.ኤ.አ. በ2005 ክብደት ለመቀነስ የሚጥሩ ሰዎችን በሁለት ከፍለው፣ አንዱን ቡድን ወደ ግቡ ብዙ እንደተራመደ እንዲሰማው፣ ሌላውን ደግሞ ጥቂት እንደተራመደ እንዲሰማው ካደረጉ በኋላ ከፖምና ከቸኮሌት አንዱን እንዲመርጡ ጠየቋቸው። ብዙ ተራምጃለሁ ብለው ካመኑት 85 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 58 በመቶ ቸኮሌቱን መረጡ። ስኬትን መቁጠር ሰውን «ይገባኛል» ወደሚል ስሜት ሊወስደው ይችላል ማለት ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ስኬትን ማክበር ሁልጊዜ ይጠቅማል ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። ፊሽባክና ባልደረቦቿ በተከታታይ ሥራዎቻቸው እንዳሳዩት፣ ያለፈው ሳምንት የጽናት ምልክት ሆኖ ሲታይ ሰውየው ይበረታል፣ የተከፈለ ዕዳ ሆኖ ሲታይ ግን ይላላል። «አደረሰን» የሚል ሰው ዕዳ ከፈልኩ አላለም፤ መንገድ ላይ ነኝ ብሏል።

ከዚህ የሚከተለው ጥያቄ ማረፊያው በምን ይከበር የሚለው ሲሆን፣ የወሎ ማዕድ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ዘርዘር ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። በጾሙ ቅዳሜና እሑድ ጥሉላት እንደተከለከሉ ቢቆዩም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መዋል የለም፤ ከቅዳሴ መልስ ቤተሰብ በጠዋቱ ማዕድ ይቀርባል። ለዚህ ማዕድ ሱፍ ለቅማ፣ አፍልታ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በውኃ በጥብጣና አጥልላ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ የምታወጣ እናት፣ በዚያ ላይ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ጨምራ እንጀራ ስትፈተፍትበት፣ የተከለከለውን የወተት መልክና ልስላሴ ሕጉን ሳትነካ ወደ ገበታው መልሳዋለች። ስልጆም እንዲሁ ነው፤ የሱፍ ጭማቂ ከባቄላ ዱቄት ጋር ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት፣ ለቀናት ተከድኖ ሲብላላ የሚያወጣው ኮምጣጣና አፍንጫ የሚሰነፍጥ ጣዕም በፍስክ ወራት ብዙም የማይታሰብ፣ የጾም ብቻ የሆነ ደስታ ነው። በሥነ ምግብ በኩልም የሱፍ ዘይት አብዛኛው ክፍል ሊኖሌይክ አሲድ የተባለው ያልረጋ ቅባት ነው፤ ያልረጋ ቅባት የሚባለው በተለመደው የቤት ሙቀት ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው ሲሆን፣ በረጋው ቅባት ምትክ ሲገባ በደም ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ይቀንሳል። ሽልማቱ ከሕጉ ውስጥ የወጣ በመሆኑ ሕጉን አያፈርስም።

ከሕጉ ውጭ የሆነ ሽልማት ምን እንደሚያስከትል ፒተር ኸርማንና ዲቦራ ማክ እ.ኤ.አ. በ1975 አሳይተዋል። አመጋገባቸውን አጥብቀው የሚቆጣጠሩ ሰዎች በሙከራው ምክንያት በስኳርና በወተት የተመታ መጠጥ ከጠጡ በኋላ፣ አይስክሬም ሲቀርብላቸው ምንም ካልጠጡት መሰሎቻቸው የበለጠ በሉ። የአንድ ሰዓት መሳሳት ቀኑን ሙሉ እንደተበላሸ አስቆጥሮ የቀረውን ጥንቃቄ ያስጥላል። አንድ ሳምንት ጨው ቀንሶ እሑድ ዕለት በቅባትና በጨው የተጥለቀለቀ ጥብስ «ለራሴ ልሸልም» የሚል ሰው የሚጎዳው በዚያ ጥብስ መጠን ብቻ አይደለም።

በሐይቅና በአምባሰል አንድ ሰፈር ውስጥ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ሁለት የመከፋፈያ ስልቶች በአንድ አካባቢ ይታያሉ። የረመዳን ጾም 29 ወይም 30 ቀን ሲሆን ማረፊያው በየቀኑ ነው፤ የመግሪብ አዛን ሲሰማ በቴምርና በውኃ ጾሙ ይፈታል፣ ሾርባና ሳምቡሳ ይከተላል፣ የጎረቤት ሳሕንም ከቤት ቤት ይዞራል። ቮልፍራም ሹልትስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 በታተመ ሥራቸው በጦጣዎች አንጎል ላይ እንዳሳዩት፣ ዶፓሚን የተባለውን መልእክት አስተላላፊ ንጥረ ነገር የሚረጩት ሕዋሳት ያልተጠበቀ የፍራፍሬ ጭማቂ ሲመጣ ይነቃቃሉ፤ ጭማቂው ሁልጊዜ ከአንድ ምልክት በኋላ እንደሚመጣ ከተለመደ በኋላ ግን የሚነቃቁት በምልክቱ ነው። ከእንስሳ ወደ ሰው ሲታሰብ በጥንቃቄ መሆን ቢኖርበትም፣ ቴምሩ ገና አፍ ሳይደርስ በአዛኑ ድምፅ ፊት ለምን እንደሚፈካ ለመረዳት ያግዛል። የዚያው ግኝት ሌላኛው ገጽ ደግሞ የተጠበቀው ሽልማት ሲቀር የእነዚህ ሕዋሳት እንቅስቃሴ ከተለመደው በታች መውረዱ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ከገዳሙ ደጃፍ ወደ ጤና ጣቢያው ያሻግራል። ለደም ግፊትና ለስኳር ሕመምተኛ የሚሰጠው የአመጋገብ ትእዛዝ በይዘቱ ትክክል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲወሰድ ይመክራል፣ በርበሬውና ሽሮው ገና ሲዘጋጅ ጨው የሚገባበት ቤት ውስጥም ይህን መጠን ማለፍ ቀላል ነው። የጎደለው የቀን መቁጠሪያው ነው። «ከእንግዲህ ተው» የሚለው ቃል ገደቡን እሑድ የሌለው፣ ደብረ ዘይት የሌለው፣ ፋሲካም የሌለው ጾም ያደርገዋል። ሕመምተኛው ብዙውን ጊዜ ሽልማቱን የሚጠብቀው ከሚዛን ሲሆን፣ ሚዛን ደግሞ ታማኝ መስካሪ አይደለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚወርደው ክብደት በአመዛኙ ሰውነት ካጠራቀመው ግላይኮጅን የተባለ ስኳር ጋር ታስሮ የነበረ ውኃ ስለሆነ ፈጥኖ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ግን ስቡ እየተቃጠለ እንኳ ቁጥሩ ለሳምንታት ሊቆም ይችላል። የተጠበቀው ሽልማት ሳይመጣ ቀረ ማለት ነው።

የተሻሉት ምስክሮች ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ በታተመው ዳሽ በተባለው ጥናት አትክልት፣ ፍራፍሬና ቅባቱ የተቀነሰ ወተት የበዛበትን ምግብ የተመገቡ የደም ግፊት ሕመምተኞች የላይኛው ግፊታቸው ከተለመደው አመጋገብ ጋር ሲነጻጸር በአማካይ በ11.4 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ወርዷል፤ ለውጡም በሁለት ሳምንት ውስጥ መታየት ጀምሯል። ስለዚህ ለግፊት ሕመምተኛ ሁለተኛው ሳምንት ተለክቶ የሚከበር ማረፊያ ሊሆን ይችላል። ለስኳር ሕመምተኛ ደግሞ ኤችቢኤዋንሲ የተባለው የደም ምርመራ የሁለትና የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠን ስለሚያሳይ፣ ያ ምርመራ የሩቁ በዓል ሆኖ በመካከሉ ያሉት ሳምንታት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ሊቆጠሩ ይችላሉ። የሚቆጠረውም ያልተጨመረው ጨውና በገበታው ላይ በርከት ያለው ጎመን ቢሆን ይመረጣል፤ እነዚህ በሰውየው እጅ ያሉ ነገሮች ናቸውና። እዚህ ላይ ሊዘነጋ የማይገባው፣ የሰዓት ጾም ኢንሱሊን ወይም የስኳር ኪኒን ለሚወስድ ሰው አደገኛ ሊሆን የሚችል በመሆኑ ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ መጀመር እንደማይገባ ነው፤ ሁለቱም እምነቶች ሕመምተኛን በጾም አያስገድዱም።

የዐቢይ ጾም መጨረሻ ሲቃረብ ማረፊያዎቹ ይቀራረባሉ። በሰሙነ ሕማማት፣ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት፣ ስንዴና የተከካ ባቄላ አብሮ የተቀቀለበት ጉልባን ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ አክፍሎት የሚይዙት እስከ ትንሣኤ ሌሊት እህል አይቀምሱም። ቅዳሜ፣ ዶሮው ገና ሳይታረድ፣ ካህናቱ እየዘመሩ ለምለም ቄጠማ ያድላሉ። ሆዱ ባዶ የሆነ ሽማግሌ፣ ሕፃን የያዘች እናትና ተማሪው ያን ውኃ ዳር የሚበቅል አረንጓዴ ሣር በግንባራቸው ዙሪያ አስረው ቁልቁል ወደየቤታቸው ይወርዳሉ፤ እስከ ዶሮ ጩኸት ገና አንድ ሌሊት ይቀራቸዋል።